አንዲት ጃንጥላ ለአሥራ ሦስት ሰው

ጠላት ከወጣ በአሥረኛው ዓመት፣ በሐምሌ ዝናብ፣ አንድ ሰውዬ በቡና መኪና መቱ ገባ። ገበያ መሀል ጃንጥላ ዘርግቶ ቆመና፣ «አንድ ጉንዶ ማር ሰጥቶ፣ እንደ እሱ የሚሰጡ ሦስት ሰዎች ያመጣ እንዲህ ያለ ጃንጥላ ያገኛል» አለ።

ጠጅ ሻጯ እታፈራሁ ቀድማ ሰጠች። ማኅበርተኛ ካልታመነ ማን ይታመናል ብላ ከማርያም ማኅበሯ ተጂቱን፣ ሽብሬንና ምንዳዬን አመጣች። እነሱም ከዚያው ከማኅበሩ ሦስት ሦስት አመጡ። አሥራ ሦስት ሆኑና የማኅበሩ ሰው አለቀ። የመጨረሻዎቹ ዘጠኙ፣ ሰው ፍለጋ ወደ ጎሬ ሲወጡ፣ ሰው ፍለጋ ወደ መቱ ከሚወርዱ የጎሬ ሴቶች ጋር መንገድ ላይ ተገጣጠሙ። ተያዩና ወደየመጡበት ተመለሱ።

ሰውዬው የያዛትን ጃንጥላ ለማማለያ ለእታፈራሁ ሰጥቶ፣ የሁሉንም ማር ጭኖ ሄደና በዚያው ቀረ።

ጃንጥላዋ አልጋ ሥር ገባች። እታፈራሁ ይዛት ብትወጣ የአሥራ ሁለት ሰው ማር ተሸክማ የምትዞር መሰላት።

ነሐሴ ሃያ አንድ ማኅበሩ በእሷ ቤት ነበር። ዳቦው ተደፍቷል፣ ጠላው ደርሷል፣ የማኅበሩ ቄስ አባ ገብረ መድኅንም ተቀምጠዋል፤ ሴቶቹ ግን የሉም። ማኅበርተኛ የቀረበት ጽዋ ደጋሹን ከማኅበር ያስወጣል።

«ዝናቡ ነው» አሉ አባ፣ ሊያጽናኗት።

«አይደለም አባ፤ እኔ ነኝ።»

ጃንጥላዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ ወጣች።

ተጂቱ በሯን ከፍታ ጃንጥላዋን ላይ ታች አየቻት። «ለካስ እውነትም አታፈስም። የእኔ ማር በየትኛው ጎኗ ነው፣ እትዬ?»

«የወደድሽው ጎን ይሁን። ያስገባሁሽ እኔ ነኝ፤ ልወስድሽም እኔው መጣሁ።»

ተጂቱ ነጠላዋን አጣፍታ ተጠጋቻት። ጥቂት እንደሄዱ ቆመች።

«ማሎ እትዬ፣ ዋሪቱን በምን ዓይኔ አያታለሁ? እሷን ያስገባሁ እኔ ነኝ።»

«ሽብሬንና ምንዳዬን ላምጣና ጃንጥላዋን ትወስጃለሽ።»

እንዲያው ሆነ። ጃንጥላዋ ከእጅ ወደ እጅ አለፈች፤ ከሦስቱ እያንዳንዷ ያስገባቻቸውን አንድ በአንድ እየተመላለሰች አመጣች። እርግማኑ ከደጃፍ ይጀምራል፤ ግን ለሁለት በምትጠብ ጃንጥላ ሥር ተቃቅፎ መራገም አይመችም፤ እታፈራሁ ደጅ ሲደርሱ ሳቅ ሆኗል።

መጨረሻ ዋሪቱ ገባች። አባ ለጸሎት ሲነሡ ጎንበስ አለች።

«ይቅር በሉኝ አባ። ያን ቀን መንገድ ላይ፣ እነዚህ ሲመለሱ፣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ፣ መንገዴን ቀጥዬ፣ አክስቴን አስገብቻለሁ።»

«የት ናቸው አክስትሽ?»

«ጎሬ።»

ሁሉም ጃንጥላዋን አዩ።

«ነገ በጠዋት አብረን እንሄዳለን» አለች እታፈራሁ። ጃንጥላዋንም ከበሩ ጀርባ አቆመቻት፤ አልጋ ሥር አልመለሰቻትም።