ጎርፍ የለመንንበት ክረምት

የጎረቤቴን የመህዲን ልጅ ፈሪሀን ዩኒቨርሲቲ ያስገባት ዋጃ አጠገብ ያለ የአትክልት እርሻ ድርጅት ነበር። ወጪዋን ይችላል፤ እሷም ግማሹን ዓመት ተምራ ግማሹን በድርጅቱ ማሳ ትሠራለች።

ዘንድሮ ዝናቡ ዘገየና ማሽላችን ጠወለገ። ወደ ማሳችን ጠልፈን የምናጠጣበት ጎርፍ ከተራራው እንዲወርድልን ለዱአ ተሰበሰብን። ከሁላችን ይልቅ እጁን ዘርግቶ ያለቀሰው መህዲ ነው። ለሥራ ጊዜዋ የመጣችው ፈሪሀም ከሴቶቹ መሀል «አሚን» ስትል ሰምቻታለሁ።

ጎርፉ መጣ። የኛን ማሳ አጠጥቶ ወደ ታች ወረደና የድርጅቱን ፓምፕና ቲማቲም በደለል ቀበረው። ድርጅቱ ዘግቶ ሄደ። ሌላ የሚያስተምራት ስላልተገኘ ፈሪሀ ከሁለተኛ ዓመት ቀረች።

ትናንት መህዲን ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ማሽላው ጎንበስ እስኪል አፍርቷል።

«እስቲ ንገረኝ፣ በየትኛው አፌ ላመስግን?» አለኝ።

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፈሪሀ ወፍ ልትጠብቅ ወንጭፏን ይዛ መጣች።

«ምነው ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት? ወፉ ሊጨርሰው እኮ ነው!» ብላ ሳቀች። ወዲያው የአባቷን ፊት አየች። «አባ፣ የለመንከውን ሰጥቶሃል። አልሀምዱሊላህ በል እንጂ።»

«አልሀምዱ...» አለ መህዲ፤ እንባ ቀደመው።

የቀረውን እሷ ጨረሰችለትና ማማው ላይ ወጣች። ድንጋይ ግን አልወነጨፈችም፤ ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፈሩ።