ቅዳሜ እመጣለሁ

እንዳልካቸው ሰነፍ ልጅ አልነበረም፤ ይህ አስቀድሞ ይነገርለት። እንጅባራ ላይ በተከራያት ክፍል አንገቱን ደፍቶ ለሩቅ ድርጅቶች የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲጽፍ ይውላል። ሥራው ጸጥታ ይፈልጋል፤ ዘመድ ደግሞ ጸጥታ አይወድም። ጠዋት «እንዴት አደርክ»፣ ቀትር ላይ «እንዴት ዋልክ»፣ ማታ «ምነው ጠፋህ» የሚል የቴሌግራም መልእክት ይዘንብበታል። አለመመለስ ደግሞ ኩርፊያ ያመጣል። አክስቱ በቀለች ላንድ ላልተመለሰ ሰላምታ ሁዳዴን ሙሉ አኩርፋዋለች።

ከሁሉ የከበደው ግን ሀይማኖት የምትባለው የእህቱ ጥያቄ ነበር፤ አባባን መጥተህ የምታያቸው መቼ ነው እያለች ትጨቀጭቀዋለች። አባቱ አቶ እንየው ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ አጠገብ ገበሬ ናቸው። ከሦስት ዓመት በፊት እርሻውን ትቶ ከተማ መግባቱን ሲነግራቸው፣ ጎረቤት እየሰማ «ከዛሬ ወዲያ አባት የለህም» አሉት። ቃሉ አጥንቱ ድረስ ዘለቀ። ግምጃ ቤት በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ እሱ ግን እህቱን «ቅዳሜ እመጣለሁ» እያለ ሲያባብል ከረመ። አባቱ ያንን ቃል እንዲያነሱለት ከመፈለጉ ብዛት ፊታቸውን ማየት ፈርቶ ነበር።

ታዲያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጭ ብሎ፣ መልእክት ሲመጣ በራሱ የሚመልስ አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ሰላም ላለው ሰላም ይላል፣ ናፈቅኸን ላለው «እኔም ናፍቃችሁኛል» ይላል፣ ምስጋናውንም አያስቀርም። መቼ ትመጣለህ ላለው «እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ» ይላል። ለደወለ «ሥራ ላይ ነኝ፤ ጻፉልኝ» ብሎ ይልካል። ያልገባው ነገር ሲመጣ ደግሞ «ችግር የለም፣ ሁሉም ደህና ነው» ይላል። ሰው እንዲመስል ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚመልሰው። ለክፉ ቀንም አስቦበታል፤ «ሞተ»፣ «ታመመ»፣ «አደጋ»፣ «ሆስፒታል» ከሚሉት ቃላት አንዱ ከመጣ ስልኩ እንዲጮህ አደረገ። ጨርሶ ሲያየው ኮራ፤ ከዚያ ወዲያ መልእክቶቹን ከፍቶ ማየት ተወ።

የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይባላል። ግምጃ ቤት ውስጥ ከቤቱ ለራቀ ልጅ «አባትህ ታመመ» ብሎ የሚጽፍ ማን አለ? ሟርት ነው፣ ደግሞም ልጁ ደንግጦ መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆንስ? ክፉ ወሬ በእግር፣ በሽማግሌ፣ በማለዳ ነው የሚሄደው። እስከዚያው ነገር ሁሉ ተሸፋፍኖ ይነገራል። ይህን እንዳልካቸው አሳምሮ ያውቃል፤ እሱ ራሱ ስንቱን መርዶ አጅቦ ሄዷል። ኮምፒውተሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ያገሩን ሰው አነጋገር ረሳው።

እሑድ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። የአባቱ ጎረቤት ጋሽ ሽባባው ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ግቡ ቢላቸው አልገቡም። «ተነስ ልጄ፣ እቤት ደርሰን እንምጣ» አሉት፤ ዓይኑን ግን አላዩትም። ሦስት ሰው በማለዳ ለምን እንደሚመጣ ያውቃልና የጫማውን ክር ሳያስር ተከተላቸው።

ሚኒባሱ ውስጥ ስልኩን ከፈተ። ሀይማኖት ሳምንቱን ሙሉ ስትጽፍ ሰንብታለች።

«አባባ ናፍቀሃቸዋል።»

«እኔም ናፍቃችሁኛል። ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ትንሽ ደክሟቸዋል፤ እህልም እንቢ ብለዋል። መቼ ትመጣለህ?»

«እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

የሐሙሱ ረጅም ነበር። «አባባ በይ ጻፊለት ብለውኝ ነው። ያን ቀን የተናገርኩት ከልቤ አልነበረም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ አንገብግቦኛል፤ ልጄ ይቅር ይበለኝ፣ እኔም ቃሌን አንስቼ ልመርቀው ይላሉ።»

«ችግር የለም፣ ሁሉም ደህና ነው።»

የመጨረሻው የትናንቱ ነው። «ከጠዋት ጀምሮ እየጠበቁህ ነው። ትመጣለህ ወይስ ቀረህ?»

«እሺ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ዕለት ነው እንዲህ ያለው። እንዳልካቸው ስልኩን ጉልበቱ ላይ ጣለና ሰው አየኝ አላየኝ ሳይል አለቀሰ። ጋሽ ሽባባው በልጅ ደንብ ያለቀሰ መስሏቸው ጀርባውን መታ መታ አደረጉለት። እሱ ግን የሚያለቅሰው በሐዘን ብቻ አልነበረም፣ በኀፍረትም ነበር።

አባቱ በዚያው ቀን ተቀበሩ። በሠልስቱ፣ ለቀስተኛው ሳሳ ሲል፣ ሀይማኖት ድንኳኑ ጥግ አጠገቡ ተቀመጠች። አባባ በመጨረሻዎቹ ቀናት አማርኛውን ትተው በአገውኛ ብቻ ይናገሩ እንደነበር አጫወተችው። እሷ ወደ አማርኛ መልሳ ትጽፋለች፤ የሱን መልስ ደግሞ በአገውኛ ጆሯቸው ላይ ትነግራቸዋለች። ሐሙስ ዕለት መልሱን ስትነግራቸው እጇን ይዘው አለቀሱ፣ ከዚያም ለመጀመሪያ ጊዜ ወተት ቀመሱ። ቅዳሜ እግራቸውን አስታጥበው፣ ነጭ ለብሰው፣ ደጅ አውጡኝ አሉ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ፊታቸው ወደ መንገዱ ነበር።

«መቅረትህን አልቀየሙህም» አለችው። «አንድ ነገር ቢያግደው ነው፤ ይቅር ብሎኛል፣ ይበቃኛል አሉ። ግን እኔ ልወቀው፣ ለምን ቀረህ?»

መኪና ጠፋ ቢላት ታምነው ነበር። ውሸቱ ምላሱ ላይ ደርሶ ነበር፤ ግን እስከዛሬ የዋሸው በቃው።

«አላነበብኩትም፣ ሀይማኖት። ይመልስልሽ የነበረው እኔ አይደለሁም። በራሱ እንዲመልስ አድርጌ የሠራሁት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። አባባ ምን እንዳሉኝ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው።»

ሀይማኖት ነጠላዋን አጠፈች፣ መልሳ ዘረጋችው። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

«የሐሙሱንም?»

«የሐሙሱንም።»

«ታዲያ አባባን ይቅር ያላቸው ማነው?» አለችው።