መጀመሪያ አሮጌው፣ ቀጥሎ አዲሱ

ከሦስተኛው ፎቅ መጨረሻ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለችው ጠባብ ክፍል የስታቲስቲክስ ምክር መስጫ ናት። ቦታዋ በአጋጣሚ አልተመረጠም ይላሉ ሐሜተኞች፤ ሰው ወደ ሁለቱም የሚሮጠው ሲጨንቀው ብቻ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሰውዬ እናቱ ያወጣችለት ስም ነበረው። ተመራማሪዎቹ ግን «ጋሼ ስሌት» ማለት ከጀመሩ ዘጠኝ ዓመት ስላለፋቸው፣ ራሱም ስልክ ሲያነሳ «አቤት፣ ስሌት ነኝ» ይላል።

ተመራማሪዎቹ ሰውና ኮምፒውተር የሚግባቡበትን መንገድ የሚያጠኑ ናቸው። አንዱ ቁልፉን ከግራ ወደ ቀኝ ያዛውራል፤ ሌላዋ ቀዩን አረንጓዴ ታደርጋለች፤ ከዚያ ሰው ጠርተው ያስነካሉ፣ ሰዓት ይይዛሉ፣ ስህተት ይቆጥራሉ። ብልሆች ናቸው። የሰው ጣት የት ላይ እንደሚስት ገና ሳይስት ያውቁታል። ቁጥር ፊት ሲቀርቡ ግን ጠንቋይ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ጋሼ፣ ወጣልኝ?» ይላሉ። ወጣልኝ ማለት፣ ውጤቱ የአጋጣሚ አይመስልም የምታሰኘው፣ ፒ የምትባለዋ ቁጥር ከአምስት በመቶ በታች ወረደችልኝ ወይ ነው። ፒ ምን እንደምትል፣ ይልቁንም ምን እንደማትል፣ ጋሼ ስሌት ዘወትር ረቡዕ ሁለት ሰዓት ሙሉ ያስረዳቸዋል። በጽሞና ያዳምጣሉ፤ በደብተራቸው ይጽፋሉ፤ ሲጨርስ አንዱ እጁን ያወጣና «እና ጋሼ፣ የእኔ ወጣልኝ ማለት ነው?» ይላል።

ሲስተር የመጣችው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ነርስ ሆና ስለሠራች፣ ነጩን ጋውን አውልቃ ተመራማሪ ከሆነችም በኋላ ሲስተር መባሉ አልለቀቃትም። ነርስነቱን የተወችበትን ምክንያት ሕንፃው በሙሉ ያውቃል። አብራት የምትሠራ ጓደኛዋ መድኃኒት በደም ሥር የሚያንጠባጥበው ማሽን ላይ አምስት ልታስገባ አምሳ አስገባች፤ በሽተኛው አላደረም። ጓደኛዋ ከሥራ ተባረረች፤ ማሽኑ ግን ባለበት ቀረ። ለሲስተር ይሄ ፍርድ አልዋጥላት አለ። አራት ዓመት ተቀምጣ ለማሽኑ አዲስ ስክሪን ሠራች። አሥራ ሁለት ነርሶች ሰብስባ፣ እያንዳንዷ በአሮጌውም በአዲሱም አርባ አርባ ጊዜ መጠን እንድታስገባ አደረገች። ዓርብ የድሮ ሆስፒታሏ ኮሚቴ ይሰበሰባል። ወረቀቷ ከቀረበ ስክሪኑ ይቀየራል። ወረቀት ደግሞ ያለ ጋሼ ስሌት ፊርማ አይቀርብም።

«ጋሼ፣ ይፈርሙልኝና ልሂድ፤ ጊዜዎን አልሻማም» አለች ቆማ።

«ተቀመጪ፣ ሲስተር። እኔ ዘንድ ፊርማ በቁም አይገኝም።»

ሰንጠረዡን ገለጠ። በአሮጌው ስክሪን ስልሳ አንድ ስህተት፣ በአዲሱ ሃያ ሦስት። እያንዳንዷን ነርስ ከራሷ ጋር አነጻጽራለች፤ አርባውን ሙከራ እንደ አርባ ሰው አልቆጠረችም። ይሄን የሚያደርግ በዓመት አንድ ቢመጣለት ነው። ደስ አለው። ብዕሩን አነሳና፣ ሰው ሲሰነባበት ልጆች ደህና ናቸው እንደሚለው ያህል ጠየቀ።

«ነርሶቹ የትኛውን ቀድመው ነው የሞከሩት?»

«አሮጌውን።»

«ሁሉም?»

«አሥራ ሁለቱም። መጀመሪያ አሮጌው፣ ቀጥሎ አዲሱ። ሥርዓት ይኑረው ብዬ።» ፈገግ አለች። «ደግሞም አሮጌው ማሽን ከሰዓት በኋላ ለበሽተኛ ይፈለጋል። የሚለቁልኝ ጠዋት ብቻ ነበር።»

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው።

«ምነው ጋሼ?»

«ጠዋት አርባ ጊዜ ሲያስገቡ እጃቸው ተፍታታ፤ ፍርሃቱም ለቀቃቸው። አንቺ ፊት መሳሳት ያሳፍራል አይደል? ከሰዓት አዲሱ ጋ ሲደርሱ ሥራውን ለምደውታል። ስህተቱ የቀነሰው በስክሪንሽ ነው ወይስ በልምምዱ?»

«በስክሪኑ ነዋ!»

«በምን አወቅሽ?»

«እርስዎ ይለዩታ! ሥራዎ ምንድን ነው ታዲያ?»

«ስኳርና ጨው አንዴ ከተቀላቀለ ወንፊት አይለየውም። ስድስቱ በአዲሱ ጀምረው ቢሆን ኖሮ፣ ልምምዱ ለሁለቱም እኩል ይደርስ ነበር።»

«ቀመር የለውም? ለዚያ ለረጅሙ ልጅ ዳታውን እንዳስተካከሉለት ዓይነት?»

«የእሱ ዳታ ታሞ ነበር። የአንቺ ግን ሲወለድም…» ቃሉን አልጨረሰውም። ይልቅ የለመደው ንዴት መጣለት፤ ዘጠኝ ዓመት ያጠራቀመው። «እናንተ ሁልጊዜ ጅብ ከሄደ በኋላ ነው የምትጮኹት! ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሳትጀምሪ አንድ ቀን ብቅ ብትዪና ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?»

ሲስተር አየችው። ነርስ የሚጮኽ በሽተኛን እንደምታይ።

«መጥቼ ነበር እኮ፣ ጋሼ።»

«መቼ?»

«የዛሬ ሁለት ዓመት። እዚሁ በር ላይ። ‹ዳታ አለሽ?› አሉኝ። ‹የለኝም፣ እንዴት እንደምሰበስብ ልጠይቅዎት ነው› አልኩ። ‹ምኞት አላሰላም፤ ዳታ ስትይዢ ነይ› አሉኝ።» ወረቀቶቿን በጣቷ ነካ አደረገች። «ይኸው ይዤ መጣሁ።»

ፊቷን አላስታወሰም። ቃሉን ግን አስታወሰው፤ የራሱ ነበር። በዚያ ዓመት ቀልባቸው የተበተነ ሰዎች ወንበሩን ይዘው ከሰዓቱን ሙሉ ስለሚያወሩበት፣ ዳታ የሌለውን ሁሉ ከበር ይመልስ ነበር። «ምኞት አላሰላም» የሚለውንም ምሳ ላይ ደጋግሞ አውርቶት ሰው ስቆለታል።

ሲስተር ወጣች፤ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ተወችው። ሰዓት ሳይሞላ የክፍሉ ኃላፊ ዶክተሩ መጣ።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ‹የጥናቱ ውስንነት› የሚል አንቀጽ አለ አይደል? እዚያ አንድ ዓረፍተ ነገር ጣል አድርግና ፈርም። ማን ያነበዋል?»

«ችግሩ እሱ ነው፤ ማንም አያነበውም።»

«ልጅቷ አራት ዓመት ለፍታበታለች!»

«ቁጥሩ አራት ዓመቷን አያውቅም።»

«አንተም አታውቅም» አለ ዶክተሩና በሩን ሳይዘጋ ሄደ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱን የጎረቤት ቀሚስ ጫፍ እያጠፈች አገኛት። ሙያዋ ልብስ ስፌት ነው። «ዛሬ ደግሞ የማንን ጎጆ አፈረስክ?» አለችው እንደ ወትሮው። ነገራት፤ በር ላይ የመለሳትንም ሳይደብቅ። አይ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም እንድትለው ጠበቀ። እሷ ግን በከንፈሯ መርፌ ይዛ አጉተመተመች፦

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።» መርፌውን ከከንፈሯ አውጥታ «ስክሪኑ ግን ጥሩ ነው?» አለች።

«አላውቅም።»

«አሮጌውስ?»

«ሰው ገድሏል።»

«ታዲያ ፈርማ!»

«አዲሱም ቢገድልስ? ያኔ በእኔ ፊርማ ነው።»

«አሁን ያለ ፊርማህ ነው የሚሞቱት ማለት ነው» አለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።

አልፈረመም። ረቡዕ ሁለት ጊዜ፣ ሐሙስ አንድ ጊዜ ብዕሩን አንስቶ ነበር። ክፉው ነገር፣ ስክሪኑ ጥሩ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማመኑ ነው። ቁልፎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ መጠኑ ከተለመደው ሲያልፍ ይጠይቃል። ስልክ መክፈት የማታውቀው የእንጀራ እናቱ እንኳ ብትነካው አትሳሳትም። ግን «ይመስለኛል» እያለ የመጣን ሁሉ ዘጠኝ ዓመት ያባረረ ሰው፣ በራሱ «ይመስለኛል» መፈረም አቃተው። ዓርብ ኮሚቴው ተሰበሰበ፤ የሲስተር ጉዳይ ከአጀንዳው ወጥቶ በቦታው የግቢው አጥር ቀለም ገባ። በወሩ መጨረሻ የጥናት ጊዜዋ አለቀ፤ ጠረጴዛዋን ለሌላ ሰጡት።

ጋሼ ስሌት ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይለምነው የሌላ ሰው ጥናት ተቀምጦ ነደፈ። አሥራ ሁለት አዲስ ነርሶች፤ በዕጣ የተለዩ፤ ስድስቱ በአሮጌው፣ ስድስቱ በአዲሱ የሚጀምሩ። ዕጣውን ራሱ አወጣ። ወረቀቱን በንጹሕ አቃፊ አድርጎ፣ ሲስተር ወደ ነርስነት ወደተመለሰችበት ሆስፒታል ሄደ።

ሲስተርን በነጭ ጋውን፣ በአንድ አልጋ ራስጌ ቆማ አገኛት። አንዲት ወጣት ነርስ አጠገቧ ነበረች። ሲስተር አቃፊውን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው።

«በጣም ጥሩ ነው» አለች። «የዛሬ ሁለት ዓመት የፈለግኩት ይሄንኑ ነበር።»

«አሁንም አልረፈደም፣ ሲስተር። ክፍሉን እኔ አስፈቅዳለሁ። ጠዋትም ከሰዓትም ማሽኑን እንዲለቁልን…»

«አዲሱ ስክሪን የለም እኮ፣ ጋሼ። ፈቱት። መስታወቱን ለአንድ ልጅ ሰጡት፤ የመኪና ማቆሚያ ቲኬት የሚሸጥ ማሽን ሊሠራበት ነው አሉ።»

«እንደገና ይሠራል።»

«በማን?»

መልስ ሳትጠብቅ አቃፊውን መለሰችለትና ወደ አሮጌው ማሽን ዞረች። ቁልፎቹን አንድ በአንድ እየተጫነች መጠኑን አስገባች። ወጣቷ ነርስ ጎንበስ ብላ ከስክሪኑ ላይ ጮክ ብላ አነበበችላት።

«አይደለም» አለች ሲስተር። ሰረዘችው። እንደገና ጀመረች።

በሽተኛው ዓይኑን ከጣቷ ሳይነቅል ይከታተላል። ጋሼ ስሌትም አቃፊውን ታቅፎ እንደዚያው።

«ጋሼ» አለች ሳትዞር፣ በትሕትና፤ «መብራቱን ከለሉብኝ።»

ወደ ጎን ፈቀቅ አለ።