የአላቢው ካፖርት

አባቴ ዓይኑ እንደደከመ በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ማለቴ ሁላችንም እናውቃለን፣ ግን ማንም አያውቅም። በር ሲገጨው የሚሰደበው በሩ ነው። ጫማውን ግራና ቀኝ አቀያይሮ ሲወጣ የሚረገመው ጫማ ሰፊው ነው። አንድ ጊዜ «አባባ፣ ሐኪም ዘንድ ብንሄድስ» ብዬ ገና አፌን ስከፍት ሳምንት ሙሉ አኮረፈኝ፤ ውሃ እንኳ ሲጠማው በአላቢው በኩል ነበር የሚያስጠይቀኝ። ከዚያ ወዲህ አርፌ ተቀመጥኩ።

ስምንት የወተት ላሞች ነበሩን። አባቴ፣ አላቢውና እኔ በረቱን ይዘን እንኖራለን፤ ታላቅ ወንድሜ ከተማ ነው፣ በዓመት ሁለቴ ብቅ እያለ እንከን ይለቅማል። ባለፈው አባቴ የፍግ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሲከት ወንድሜ በዓይኑ እያየ ደረሰና እኔን ወደ ጎን ወስዶ «አንድ ጥፋት ቢደገም በረቱን እዘጋዋለሁ። እሱ እኔ ቤት ይጦራል፣ አንቺም ልጆቼን ትይዢልኛለሽ» አለኝ። አሥራ አንድ ዓመት ወገቤን የሰበርኩበት በረት ነው። የወንድሜን ሚስት ደግሞ አውቃታለሁ፤ እሷ ቤት ሞግዚት ከምሆን ከጥጆቹ ጋር ብታሰር እመርጣለሁ።

ሥራችን ሥርዓት ነበረው። ጠዋት ጠዋት አላቢው ፉርሽካውን በውሃ ለውሶ በየገንዳው ያቀርባል። ቀጥሎ አባቴ ከዕቃ ቤት ጨው በባልዲ ይዞ ይመጣና ለእያንዳንዷ ላም አንድ እፍኝ ይበትንላታል። ከዚያ ይታለባል። ጨው የአባቴ ነው፣ ማንም አይነካበትም። «ጨዉን ሌላ ሰው የሰጠ ቀን ሞቻለሁ ማለት ነው» ይል ነበር።

አላቢው እኛ ዘንድ አሥራ አራት ዓመት የኖረ ሰው ነው። ክርኑ የተጣፈ አረንጓዴ ካፖርት አለው፤ ላብ፣ ፍግና የጡት ቅባት ይሸታል። እመቤት ብለን የሰየምናት ኩራተኛ ላም ካፖርቱን ካላሸተተች ወተት አትለቅም፤ ሳትታለብም መኖ አትቀምስም። አላቢው ታሞ ሲተኛ ካፖርቱን አባቴ ወይም እኔ ለብሰን እናልባት ነበር። «እኔ ስተኛ ካፖርቴ ሥራ ይውላል» እያለ ያስቀን ነበር።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ጨው ባለበት ጥግ በኩል ማፍሰስ ጀመረ። ከጨዉ ሌላ ዩሪያ አለን፣ በውሃ በጥብጠን ጭድ የምናለሰልስበት ማዳበሪያ፤ እንዲሁ ከተበላ ከብት ይገድላል። አባቴ ጆንያ መጣል ስለማይወድ ጨዉንም በማዳበሪያ ጆንያ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ፍሬ ፍሬ። ጨዉ እንዳይሟሟ ወደ ቀኝ ጎተትኩት፤ ዩሪያው ሩብ ያህል ስለቀረ ቢረጥብም አይቆጨኝም ብዬ በጨዉ ቦታ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ አላቢው የወተት ቢዶን ሳጥብ መጣና «አንቺ ልጅ፣ ጆንያዎቹን አቀያይረሻል» አለኝ። «አባባ በዳበሳ ነው የሚሠሩት። ዛሬ ደርሼ ባልዲያቸውን በጨው ቀየርኩላቸው፣ ነገ ግን ላልኖር እችላለሁ። ንገሪያቸው።»

«እነግረዋለሁ» አልኩት።

ምን ብዬ ልንገረው? ጆንያ አዛወርኩ ስለው «ታዲያ ምን ያገባኛል፣ ዓይን የለኝም?» ሊለኝ ነው። ደግሞ ሳምንት ልኮረፍ ነው። ዛሬ፣ ነገ እያልኩ ዋልኩ አደርኩ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት አላቢው ፉርሽካውን አቅርቦ እንዳበቃ የውሃው ቧንቧ ፈነዳ። መፍቻውን ይዞ ወደ ታንከሩ ሮጠ። አባቴ በባልዲው መጣ። በረቱ በር ላይ ሆኜ ቢዶን እያጠብኩ ነበር፤ ሲበትን አየሁት፣ እጁ በያንዳንዱ ገንዳ ላይ ሲዘረጋ አየሁ። ጆንያዎቹ ትዝ አላሉኝም። ይህንን እስካሁን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም። ቡሬ የምንላት ላም ጥርሷን እያፋጨች መንቀጥቀጥ ጀመረች፤ ሆዷ ተነፋ፣ በአፏ አረፋ ደፈቀችና ወደቀች። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ከዚያ ሌላዋ። እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቼ አላውቅም። አላቢው እጅጌው እንደራሰ እየሮጠ መጣ፤ አንዴ ገንዳውን አየና «አቼቶ! ቤት ያለውን አቼቶ ሁሉ አምጪ!» አለኝ። አቼቶ የዩሪያ ማርከሻ ነው፤ ኩሽና ውስጥ የነበረው ግን ግማሽ ጠርሙስ ነው። እሱን በውሃ በጥብጦ በአንዷ ጉሮሮ ሲያንቆረቁር እጁ ላይ ሞተች።

ረፋድ ላይ ሰባቱም አልቀው ነበር። እመቤት ብቻ፣ ካፖርቱ ስለዘገየባት መኖዋን ሳትነካ ቆማ ታመነዥጋለች። የከብት ሐኪሙ ደርሶ ከገንዳው አንድ ፍሬ አነሳና «ይሄ ጨው አይደለም፣ ዩሪያ ነው» አለ። ሥጋውን ማንም እንዳይቀምስ አዘዘ። ጉድጓድ በማሽን ተቆፈረ፤ ላሞቹን እግራቸውን በሰንሰለት እያሰሩ ጎተቷቸው። አልታለቡም ነበር። ቡሬ ስትጎተት ከጡቷ ወተት እየፈሰሰ እስከ ጉድጓዱ አፍ ድረስ ነጭ መስመር ተወች፤ ጥጃዋም ከጥጆቹ ማደሪያ ሆና ትጣራለች።

ወንድሜ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ግቢው ውስጥ አቆመን።

«ዛሬ ጨዉን ማነው የሰጠው?»

አባቴ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሟል። የበረቱም የእኔም ዕጣ በዚያች መልስ ላይ ነበር።

«እሱ ነው» አለ አባቴ። «ፉርሽካውንም ጨዉንም እሱ ነው የሰጠው።» ጣቱንም ቀሰረ። ግን የቀሰረው ወደ ውሃ ታንከሩ ነበር፤ አላቢው የቆመው በሌላ በኩል ነው። ወንድሜ ዞር ከማለቱ በፊት አላቢው ሁለት እርምጃ ተራመደና ሄዶ ጣቱ ፊት ቆመ።

ይህንን ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ባላይ ይሻለኝ ነበር።

«ሰጥተህ የት ሄድክ?» አለው ወንድሜ።

«ቧንቧ ልሠራ።»

«ላሞቹ እየሞቱ ቧንቧ? ሐኪሙ ዩሪያ ነው ከማለቱ በፊትስ አቼቶ አምጪ ያልከው ምን እንደበሉ ባታውቅ ነው?»

አላቢው ወደ እኔ አየ። ቁጣ የለበትም፤ ተራዬ መሆኑን የሚያስታውሰኝ አስተያየት ነው። እኔ የጫማዬን ጭቃ አየሁ።

«አንቺስ? ማን እንደሰጠ አላየሽም?»

«ቢዶን እያጠብኩ ነበር» አልኩ። ውሸት አይደለም፤ እያጠብኩ ነበር።

አላቢው ትንሽ ጠበቀኝ። ከዚያ «አባባ ካሉ እንግዲህ ምን እላለሁ» አለ።

ወንድሜ «አሥራ አራት ዓመት ባትሠራ ኖሮ ለፖሊስ ነበር የምሰጥህ» ብሎ አባረረው። ወደ አባቴ ዞሮም «ጥፋቱ ያንተ ካልሆነ በረቱ አይዘጋም፣ ሌሎች ላሞች እናመጣለን» አለ። ደስ አለኝ። አላፈርኩም ብል እዋሻለሁ፤ አፈርኩም፣ ግን መጀመሪያ ደስ አለኝ።

አላቢው ዕቃው አንድ ቦርሳ አልሞላም። ዝናብ ማካፋት ጀምሯል። በሩ ጋ ሲደርስ አባቴ ጠራው። ይቅርታ ሊጠይቀው ነው ብዬ ጠጋ አልኩ።

«ካፖርቱን ትተህ ሂድ» አለው። «እመቤት ያለሱ አትለቅም።»

ሰውዬው ቆመ። ከኪሱ ማበጠሪያውንና መሀረቡን አወጣ፣ ካፖርቱን አውልቆ ክንዴ ላይ አደረገልኝ። ገና ይሞቃል። «እጅጌው እርጥብ ነው፣ አድርቂው» አለኝ። «እርጥብ ከሆነ ትደነግጣለች።» በሸሚዙ ብቻ እየዘነበበት ሄደ።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ካፖርቱን ለብሼ እመቤት ሥር ቁጭ ብዬ ነበር። አባቴ ግድግዳውን እየዳበሰ ገባና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጨው አልነካም፤ የምሰጣት እኔ ነኝ።

«ጨዉን የሰጠሁት እኔ ነኝ» አለ።

«አውቃለሁ።»

«አይተሽኛል?»

«አይቼሃለሁ።»

ጉልበቱን አሻሸ። «እንቅልፍ የሚባል የለኝም» አለ። «ግን እኔ ከቦታው ነው ያነሳሁት። ስንት ዓመት ሙሉ ጨው እዚያው ነው። ጆንያውን ያዛወረው ሰው አለ። እሱ ነው አይደል? እሱ ካዛወረው እኮ ውሸቴ ውሸት አይደለም፤ ግፍም አልሠራሁም።»

እጄ ጡቷ ላይ ቆመ። አባቴ ፊቱን ወደ እኔ አዙሯል፣ ግን የሚያየው ከጭንቅላቴ በላይ ያለውን ግድግዳ ነው። አላቢው የት እንደገባ አልጠፋኝም፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ድንጋይ መፍጫ ድንጋይ እየጫነ ነው አሉ። አሁን ብናገር ዛሬውኑ ይመጣል። ወንድሜም ይሰማል።

«አዎ» አልኩ። «እሱ ነው ያዛወረው።»

አባቴ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ፣ ፊቱ በአንድ ጊዜ ልጅ መሰለ። «እፎይ» አለ። «እንደሱ በይኝ። እኔ እኮ ራሴን ልገድል ነበር።» ተነስቶ የካፖርቱን ትከሻ መታ መታ አደረገልኝና በሩ ላይ ደርሶ ዞር አለ።

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ጨዉን እኔው እሰጣታለሁ።»

«እሺ፣ አባባ» አልኩት።

እመቤት አንገቷን አዙራ እጅጌዬን አሸተተችና ወተቷን ለቀቀችልኝ።