የጆንሰኖች እርቅ

ካሳነሽ የሰው ችግር አይታ ማለፍ አንጀቷ አይችልም። ሆሊውድ አፓርታማቸው እየሄደች የምትንከባከባቸው አባባ ጆንሰን፣ የልብ ኦፕሬሽናቸው ሊደረግ አንድ ቀን ሲቀረው፣ "ይቅርብኝ፤ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚጠብቀኝ ዘመድ ከሌለ ለማን ብዬ ነው?" ብለው ቁጭ አሉ።

ውሸታቸውን ነው! ካሳነሽ አገሩ ላይ ገና ዓመቷ ቢሆንም፣ እዚህ የመጨረሻው ስም የአባት ሳይሆን የቤተሰብ መሆኑን የእህቷ ልጅ ሐና አስረድታታለች። ዕድሜ ለስልኳ፣ ፈልጋ ደረሰችበት። ሁለት ፕሬዚዳንት፣ የዓለም የቡጢ ሻምፒዮን፣ የቅርጫት ኳስ ኮከብ፣ ለጠፈርተኞች ሂሳብ የሠራች ሴት፣ ሁሉም ጆንሰን! ይሄ ሁሉ ዘር ማንዘር እያለ አንድ ሰው ብርቱካን ይዞ አይጠይቃቸውም? ወይ ጉድ! የከረረ ጠብ ቢኖር ነው እንጂ።

ለእሷ ቅርብ የሆነው ጆንሰን ፌርፋክስ መንገድ ላይ ነበር። ቤት አሻሻጭ ነው፤ ፎቶው አውቶቡስ መጠበቂያው ወንበር ላይ ተለጥፏል፣ እሱም ዝነኛ መሆን አለበት። አባባ ነጭ፣ እሱ ጥቁር መሆኑ ትንሽ ቢከነክናትም፣ "ከአንድ ማህፀን ቀይም ጠይምም ይወጣ የለ እንዴ?" ብላ አለፈችው።

ሽምግልናውን ለጋሼ አሥራት ሰጠች። ጋሼ አሥራት አዲስ አበባ ሳሉ ሰፈራቸው ውስጥ ያላስታረቁት ባልና ሚስት አልነበረም። ልጃቸው ወደዚህ ካመጣቻቸው ወዲህ ግን የተጣላው ሁሉ ፍርድ ቤት እየሮጠ ሥራ ፈትተዋል። ጋቢያቸውን ደርበው ከካሳነሽ ጋር አሻሻጩ ቢሮ ከተፍ አሉ።

አሻሻጩ ቤት ገዢ መጣልኝ ብሎ ወንበር ሳበላቸው።

"አንቺ ተርጉሚ" አሏት ጋሼ አሥራት። "ማን ማንን እንደበደለ አንጠይቅም። ሰውየው ታመዋል፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በል።"

"እኔ እኮ አላውቃቸውም" አለ አሻሻጩ።

"አየሽ? ክፉኛ ተቀይሟል" አሉና፣ እግሩ ላይ ሊወድቁ ጎንበስ አሉ። ሰማንያ ሊደፍኑ ጥቂት የቀራቸው ሰው! አሻሻጩ ደንግጦ ትከሻቸውን ያዘ።

"ኦኬ፣ ኦኬ! ይቅር ብያለሁ!"

"በቃ፣ አሁኑኑ እንሂድ" አለች ካሳነሽ፤ ጋሼ አሥራትን አስከትላ በገዛ መኪናው ይዛው ሄደች።

አባባ ጆንሰን በሩን ከፍተው እንግዳውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ወንድምዎ ታርቆዎታል! ጆንሰን እኮ ነው!" አለች ካሳነሽ፣ እንባዋ እየመጣ።

ሁለቱ ጆንሰኖች ተያዩ። ከዚያ ግድግዳ ይዘው ሳቁ። በዚህ ስም የሚጠራው ሕዝብ አንድ አገር እንደሚሞላ፣ አብዛኛውም እንደማይዛመድ ሲነግሯት፣ ካሳነሽ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። ጋሼ አሥራት ግን ሶፋው ላይ ተደላድለው ተቀምጠዋል፤ እርቅ እርቅ ነው።

"ለማንኛውም ይቅር ብዬዎታለሁ" አለ አሻሻጩ፣ ዓይኑን እየጠረገ። "ምን እንዳደረጉኝ ባላውቅም።"

"እኔም አላውቅም" አሉ አባባ። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። "ነገ በስንት ሰዓት ትመጣለህ?"