ዝጉን ስጠኝ

እናቴ ሚትሱዬ ስድሳ አምስት ዓመት በሞላት ሳምንት አንድ የማዳመጫ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እግሬ ዛለ። ሱቁ ኦሳካ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በሚሸጥበት ሰፈር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰው ገብቶ የፈለገውን ሄድፎን አድርጎ ቢውል ተነስ የሚለው የለም።

ኢጉሳ የሚባለው ሻጭ ሁለት ማዳመጫ ከፊቷ አስቀመጠ። የአንዱ ጀርባ ወንፊት ነው፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የውጩም ወደ ውስጥ ይገባል። የሌላኛው ጀርባ ድፍን ነው።

«ለቤት ከሆነ ክፍቱ ነው የሚሻልዎት» አላት። «ዝጉ ለባቡር ነው፣ ለጫጫታ ቦታ። ክፍቱ ድምፁ ሰፊ ነው፣ ጆሮም አያፍንም። ደግሞ ሰው ቢጠራዎት ይሰማሉ።»

እናቴ ሳታገባ በፊት በምትሠራበት ዳቦ ፋብሪካ የመዘምራን ቡድን ውስጥ ትዘፍን ነበር። ክፍቱን አድርጋ የመዘምራን ሙዚቃ አስከፈተችና ዓይኗን ጨፈነች። «ሰዎቹ እዚህ ዙሪያዬን የቆሙ ነው የሚመስለው» አለች ቆይታ። ቀጥላ ዝጉን አደረገች። «ይሄኛው ጠበብ ይላል። ሁሉም ጓዳ ገብተው የሚዘፍኑ ይመስላል።»

«አላልኩዎትም?» አለ ኢጉሳ፣ ክፍቱን ወደ ካርቶኑ እየመለሰ።

«ዝጉን ስጠኝ።»

ሻጩ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ግራ ገባኝ። «እማ፣ አሁን ክፍቱ ይሻላል አላልሽም እንዴ?»

«እንደሚሻልማ ሰምቻለሁ፣ ጆሮ አለኝ። የሚጠራኝን መስማት ነው የማልፈልገው።»

ያኔ ነው የገባኝ። የወላጆቼ ቤት ኮቤ ነው። አያቴ ቶሜ፣ የአባቴ እናት፣ ዳሌዋ ከተሰበረ ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ምድር ቤት ተኝታ ትራሷ አጠገብ ትንሽ ደወል አለቻት። አባቴ ዮሺሂሳ ከመርከብ ጥገናው በጡረታ ከወጣ ወዲህ ከክፍሏ የወረቀት ተንሸራታች በር ማዶ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። ደወሉ ሲጮህ ዓይኑን ከሱሞው ትግል ሳይነቅል «ሚትሱዬ፣ ደወል!» ብሎ ወደ ፎቅ ይጣራል። እናቴ ካውያዋን አስቀምጣ ትወርዳለች። ከአባቴ እስከ አያቴ አራት እርምጃ ነው። ከእናቴ እስከ አያቴ አሥራ ሦስት ደረጃ።

እራት ላይ ነገረችው።

«ከነገ ጀምሮ ከቀኑ ስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔ የለሁም።»

«የት ልትሄጂ?»

«የትም። ፎቅ ላይ ነኝ።»

«እንግዲያ አለሽ።»

«ብኖርም የለሁም።»

አባቴ ሳቀ። «ስታረጂ ቀልድ ጀመርሽ» አለና ሾርባውን ጠጣ።

ያን ሳምንት ፈቃድ ወስጄ እዚያው ነበርኩ። በማግስቱ ስምንት ሰዓት ሲሆን እናቴ ፎቅ ላይ፣ ወለሉ ላይ ባለው የመቀመጫ ትራስ ተቀምጣ ማዳመጫዋን አጠለቀች። «አንቺም እንዳትነሺ» አለችኝ። ብዙም ሳይቆይ ደወሉ ጮኸ። አባቴ ተጣራ። ደገመ። በመጨረሻ ደረጃውን እያንቋቋ ወጥቶ በሩን ከፈተና የእናቴን አንድ ጆሮ ገለጠ።

«እማ ትጠራለች።»

«አንተን ነው።»

«እኔን መቼ ጠርታኝ ታውቃለች?»

«አልመጣ ስትላት ነዋ የተወችህ» አለችና ጆሮዋን መልሳ ከደነች።

ቆሞ ጠበቀ። እኔን አየኝ። ግድግዳውን አየሁ። በዚያ ቤት አባቴ ቆሞ እናቴ ተቀምጣ ስትቀር ከዚያ በፊት አላየሁም። ወረደ። ከታች የአያቴ ድምፅ መጣ፦ «እጅህ በረዶ ነው! በዚህ ጎን አይደለም፣ በዚያ ጎን ገልብጠኝ። እናት አገላብጠህ አታውቅም?» አያውቅም ነበር።

አባቴ ሦስት ቀን ቻለ። በአራተኛው ቀን እናቴ ገበያ ውላ ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ካርቶን አገኘች። ዝጉን ወስዶ እዚያው ሱቅ በክፍት ቀይሮላት ነበር፤ ያገለገለም ይቀይራሉ።

«ይሄ ለቤት ይሻላል። ሻጩም ብሏል» አለ። ኩራቱ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ስጦታ የሰጠ ነው የሚመስለው።

እናቴ ካርቶኑን ከፍታ አየችው። ይዛው ፎቅ ወጣችና አንድ ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሰማችበት። ስትጨርስ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሁለተኛውን ስትጀምር ግን ያ ድምፅ ከታች መጣ፣ ጥርት ብሎ፦ «ሚትሱዬ፣ ደወል!»

አውልቃ በጥንቃቄ ካርቶኑ ውስጥ መለሰችው። ካፖርቷን ለበሰች። አባቴ በር ላይ ጫማዋን ስታደርግ ደረሰባት።

«የት ነው? እማ እየጠራች እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። አንተም ሰምተሃል።»

ስትመለስ መሽቷል። እጇ ላይ ሌላ ዝግ ማዳመጫ አለ። አባቴ አዲሱን ካርቶን አይቶ «ክፍቱን አትቀይሪውም ነበር?» አለ።

«ምን አስቀየረኝ? ያንተ ነው» አለችና ክፍቱን ከፎቅ አምጥታ ጭኑ ላይ አስቀመጠችለት። «ሱሞህን ስማበት። እናትህ ስትጠራህም ይሰማሃል።»

አያቴ ከወረቀቱ በር ማዶ ሁሉንም ትሰማ ነበር። «ለሱ ገዛሽለት?» አለች።

«አዎ፣ እናታችን። እርስዎ ይቆጡኝ ይሆናል።»

«እኔ የሚያገላብጠኝ ሰው ነው የምፈልገው። ማንም ይሁን። ግን እጁን ያሙቅ በይው።»

አባቴ ሳምንት ሙሉ አኮረፈ፤ ካርቶኑንም አልነካም። በሁለተኛው ሳምንት ስደውል እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማዳመጫውን አድርጎታል» አለችኝ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ ወጥቶ አያውቅም። ሆኖም እጁን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ እናቱን ማገላበጥ ለመደ፤ ዛሬ ከእናቴ ይልቅ እሱ የቱ ጎኗ እንደሚያማት ያውቃል። የእናቴም አንድ ሰዓት ሁለት ሆኗል። ይህን ያስፈቀደችው የለም።

በቀደም ክፍቱ ይቆጫት እንደሆነ ጠየቅኳት።

«በጣም» አለችኝ። «የአባትሽ ነው እንጂ፣ ሲተኛ ወስጄ ልሰማበት ያምረኛል። እንደሱ ጥሩ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ለምን አትሰሚበትም?»

«ነገ ዝጉን እንዳልጠላው ነዋ» አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።