ባለ አራት እግሯ ጣውንት

የልክነሽን ባል የነጠቀችው ባለ አራት እግር ናት። ይህን ሲሰሙ የሚስቁ አሉ፤ ሲቄላ ገበያ ሙዝ የሚሸጡት ሴቶች በሙሉ ስቀዋል። ልክነሽ ግን አልሳቀችም። ባሏን ሴት የቀማቻት ቢያንስ ሄዳ የምትሰድባት አላት፤ ሰፈሩ ያዝንላታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥላታል። ባሏን ቆርኬ፣ ቀንዳም የሜዳ እንስሳ፣ የቀማቻት ሴት ለማን አቤት ትላለች?

ጌታነህ ነጭ ሣር ሜዳ ላይ የፓርክ ስካውት ነው። የኦቾሎ ልጅ፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፤ ከሃያ አንድ ዓመት በፊት ከካምባ አግብቶ ያመጣትን ሚስቱን አንድ ቀን እንኳ በቁልምጫ ያልጠራ ሰው ነው። ለልክነሽ ያወጣላት ስም "አንቺ" ነው። "አንቺ፣ ውሃ።" "አንቺ፣ ሄድኩ።" ሜዳው ላይ የቀረችውን የመጨረሻዋን ቆርኬ ግን "እሜቴ" ይላታል። ድሮ በመንጋ ነበሩ አሉ፤ ቀስ በቀስ አለቁና አንዲት እንስት ብቻ ከሜዳ አህዮቹ ጋር ተደባልቃ ስትግጥ ቀረች። እሷን መጠበቅ የጌታነህ ሥራ ሆነ። ደንቡ አሥራ አምስት ቀን ሜዳ፣ አምስት ቀን ቤት ነበር። ደንቡ ወረቀት ላይ ነው። አምስቱ ቀን ሦስት፣ ሦስቱም አንድ ተኩል እየሆነ መጣ። ሜዳው ላይ ኔትወርክ ስለሌለ ኮረብታ ወጥቶ ይደውላል፤ አራት ደቂቃ ቢያወራ ሦስቱ ስለ እሜቴ ነው። እሜቴ ዛሬ የት ውሃ እንደጠጣች፣ እሜቴን ጅብ እስከ የት ድረስ እንደተከተላት። በአራተኛዋ ደቂቃ ልጃቸውን ያነሳና፣ "አርሴማ ደህና ናት?" ብሎ ይዘጋል።

ልክነሽ ይህን ሁሉ ችላ ነበር። ያልቻለችው የወባዋን ነገር ነው። ባለፈው ጥቅምት ወባ ጥሏት ሦስት ቀን ስትንቀጠቀጥ፣ ጤና ጣቢያ የወሰደቻት ጎረቤቷ ዓለምጸሐይ ናት፤ አጥሚት ያጠጣቻትም ዓለምጸሐይ ናት። ጌታነህ በአራተኛው ቀን መጣ። አቧራውን ሳያራግፍ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ግንባሯን ዳሰሰና፣ "እሜቴ እግሯን እሾህ ወግቷት እያነከሰች እንዴት ጥያት ልምጣ?" አለ። ልክነሽ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያደረባት ነገር ስሙ ቅናት ነው፤ ሌላ ስም አንፈልግለትም። ሙዝ ስታወርድ ያቺ እንስሳ፣ ቅዳሴ ቆማ ያቺ እንስሳ። እህል ስታቀርብም፣ "እሷ ምን በልታ ይሆን?" ብላ ራሷን ትጠይቅና በራሷ ትናደዳለች።

ጥር ላይ እሜቴ ጠፋች።

ወሬውን ያመጣላት የጌታነህ ባልደረባ ብዙነህ ነው። ኩልፎ ወንዝ ዳር ካለው አትክልት ቦታ ጋሪ ላይ ሙዝ ስታስጭን አገኛት።

"እትዬ ልክነሽ፣ ጌታነህ እህል አይቀምስም፤ ያቺ ቆርኬ ከታየች አሥራ አንድ ቀን ሆናት" አላት።

"ውይ፣ ምስኪን" አለች ልክነሽ፤ ለማን እንዳለችው ግን እሷም አላጣራችውም።

"ኃላፊያችን ደግሞ ምን አለ መሰለሽ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታየች ሜዳው ላይ ያለው ጣቢያ ይዘጋል። ጌታነህ ወደ ሲቄላው በር ተዛውሮ ትኬት ይቆርጣል።"

"ሲቄላ? ማታ ማታስ?"

"ማታማ እቤቱ ነዋ። በየቀኑ።"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ገበያው ሁሉ ሰምቶ እሷ መጨረሻ መስማቷ ነበር። ግድ አልሰጣትም። ቤቷ እንደገባች ለቅዱስ ገብርኤል ጥላ ተሳለች፤ ያቺ እንስሳ እንዳትገኝ። እንዲህ ያለውን ስለት መልአክ እንዴት እንደሚቀበለው አታውቅም፤ ተሳለች ብቻ።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የሰፈሩ ሴቶች እድር "አገርሽን እወቂ" ብሎ ፓርኩን ሊጎበኝ ተነሣ። ነገሩን የጫረችው ዓለምጸሐይ ናት። "ፈረንጅ ባሕር ተሻግሮ የሚያየውን እኛ አጥሩ ሥር እየኖርን ሳናየው እንሙት?" አለች። ልክነሽ አልሄድም አለች። ዓለምጸሐይ ትከሻዋን መታ አድርጋ፣ "ነይ እንጂ ልኬ፣ ጣውንትሽ ብትኖር ትተዋወቂያታለሽ፤ ባትኖር ሐዘን ትደርሻለሽ" ብላ ሳቀች። ልክነሽ እልህ ያዛትና ነጠላዋን አጣፍታ አይሱዙው ላይ ወጣች።

የበቆሎ ድብልብል ፎሰሴና የሃለኮ ቅጠል በአገልግል ቋጥረው፣ አንድ ጀሪካን ቦርዴ ጠላ ይዘው በጠዋት ወጡ። ጫካው ውስጥ ሲገቡ ዘፈኑ ደመቀ፤ ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው የእግዜር ድልድይ ላይ ሲደርሱ ግን ሁሉም ዘፈኑን ትተው አንገታቸውን አሰገጉ። በግራ ዓባያ ቡናማ ሆኖ ተዘርግቷል፤ በቀኝ ጫሞ ሰማያዊ ነው። ልክነሽ ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ከደጃፏ ሆና የምታየው ጋራ ከጀርባው ይህን እንደያዘ አታውቅም ነበር። ይሄ ሰው ይህን ሁሉ እያየ ኖሮ አንድ ቀን "ነይና እዪ" አላለኝም ብላ አሰበች፤ በቅናቷ ላይ ሌላ ቅናት ተጨመረ።

ሜዳው ላይ ሣሩ ደርቆ እንደተሰጣ ጥጥ ነጥቷል። የሜዳ አህዮች በሩቁ ይግጣሉ። ጌታነህ ከጣቢያው ወጥቶ ተቀበላቸው። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሴቶቹን አንድ በአንድ እጅ ነሣ። ሚስቱ ጋ ሲደርስ "መጣሽ?" አላትና እሷ ሳትመልስለት ዓይኑ አልፏት ወደ ሜዳው ሄደ።

"እናቶቼ፣ በዓይናችሁ አግዙኝ" አለ። "ግራ ቀንዷ ወደ ውስጥ ታጥፏል፣ ቀኝ ጆሮዋ ተቀዷል። ያየልኝን ሰው እግሩን እስማለሁ።"

እግሩን እስማለሁ አለ፤ ልክነሽ ይህችን ቃል እስከ ምሳ ድረስ በሆዷ ስታላምጣት ቆየች።

ፀሐይ አናት ላይ እስክትወጣ ዞሩ። ከርከሮ አዩ፣ ሚዳቋ አዩ፣ የሜዳ አህያ አይተው ጠገቡ። ቆርኬ የለችም። ግራር ሥር ተቀምጠው ሲበሉ ልክነሽ ሽንቷ መጣና ከቁጥቋጦው ጀርባ ወደ ጉድባው ወረደች። ቀና ስትል ከፊቷ ሃያ እርምጃ ላይ ቆማለች።

በልቧ የሣለቻት ሌላ ነበረች፤ ዓይኗ የተኳለ የሚመስል፣ ወገቧ ሸንቃጣ። ይህች ግን አሮጊት ናት። ፊቷ እንደ አህያ ረጅም፣ ትከሻዋ ከፍ ኋላዋ ዝቅ ያለ፣ ጎድኗ የሚቆጠር። ግራ ቀንዷ ታጥፏል። ቀኝ ጆሮዋ ተቀዷል።

"ለአንቺ ነው?" አለች ልክነሽ ድምፅዋን አውጥታ። "ለአንቺ ነው ይሄ ሁሉ?"

እንስሳዋ አልሸሸችም። በዚህ መሐል ከቁጥቋጦው ማዶ ጌታነህ ለሴቶቹ አንድ ነገር ሲያስረዳ ድምፁ ተሰማ፤ ቆርኬዋም ሁለቱንም ጆሮዋን ወደዚያ አዞረች። ልክነሽም ሳታውቀው ወደዚያው ዞራ ነበር። አንዱ ወንድ ሲያወራ ሁለቱ እንዲያ ቆመው አዳመጡት። ልክነሽ ይህ ገባት። አንድ ጊዜ "ጌታነህ!" ብላ ብትጣራ ይበቃ ነበር። እሷ ግን ቀሚሷን አስተካክላ፣ ኮቴዋን አጥፍታ ወደ ግራሩ ተመለሰች።

"ምን አየሽ?" አላት ጌታነህ፤ በዚያን ቀን የጠየቃት ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

"ምን አያለሁ? ሣር ነው" አለችው።

ወሩ አለቀ። ጣቢያው ተዘጋና ጌታነህ አንድ ካርቶን ዕቃና የእግር ኳስ የምታህል የተጠቀለለች ብርድ ልብስ ይዞ እቤቱ ገባ። ልክነሽ አዲስ ቀሚስ ለበሰች። አሳ ጠበሰች፣ ዳጣውን አሳምራ ፈጨች። በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን በሩን ከፍቶ ይገባል፤ የቀረበለትን ይበላል፤ "እግዜር ይስጥልኝ" ይልና ወንበሩን ወደ ምሥራቅ አዙሮ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ስለ እሜቴ ትንፍሽ አይልም። ስለ ሌላም ትንፍሽ አይልም። ልክነሽ ያኔ ነው ሒሳቡ የገባት፦ ድሮ ሦስቱን ደቂቃ ለዚያች ቢሰጥ አራተኛዋ የእሷ ነበረች። አሁን አራተኛዋም ቀረች።

የሌለች ጣውንት ካለችው ትብሳለች። ያለችው ታረጃለች፣ ታስቀይማለች፣ አንድ ቀን ትጠላለች። የሌለችው ግን በየቀኑ እያማረች ትሄዳለች። ልክነሽ ያቺን ጎድኗ የሚቆጠር አሮጊት በዓይኗ አይታታለች፤ ጌታነህ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያያት ግን ኮረዳ እንደሆነች ከፊቱ ታነብ ነበር። ስንት ጊዜ "አርጅታለች እኮ! አታምርም እኮ!" ልትለው አፏ ላይ መጥቶ መልሳዋለች። በመጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ያቀረበችለትን ምሳ በሁለት ጉርሻ ትቶ ወደ በረንዳው ሲነሣ አመለጣት።

"አለች!"

"ማ?"

"እሜቴህ ነቻ! ያን ቀን ከቁጥቋጦው ጀርባ፣ ጉድባው ውስጥ አይቻታለሁ። ከእኔ እስከ ግቢው በር የምትሆን ቦታ ላይ።"

ጌታነህ ተመልሶ ተቀመጠ። ወንበሩን ስቦ ጉልበቱ ጉልበቷን እስኪነካ ተጠጋት። "ንገሪኝ" አለ። ነገረችው። "ቀንዷ?" ታጥፏል። "ጆሮዋ?" ተቀዷል። "ከስታለች?" ከስታለች። "እግሯስ?" በአራቱም ቆማለች። "እስቲ ከመጀመሪያው ድገሚልኝ።" ደገመችለት። ሃያ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር እንዲህ ልብ ብሎ አድምጧት አያውቅም። ዓይኑ በርቷል፤ ከከንፈሯ አይነቀልም። ልክነሽ ደስ አላትና ነገሩን አስረዘመችው፤ የሣሩን ቁመት፣ የዝንቡን ብዛት ሳይቀር ጨመረችበት። ሦስተኛ ጊዜ "ድገሚልኝ" ሲላት ነው ያወቀችው። ዓይኑ ፊቷ ላይ ነው፤ የሚያየው ግን እሷን አይደለም። "ለምን ደበቅሽኝ?" ብሎ እንኳ አልተቆጣም። ቢቆጣት፣ ቢጮህባት ምን ነበር!

ሰኞ ጠዋት ይዟት ወደ ፓርኩ ቢሮ ሄደ። መዝገብ የምትይዘው እጅጋየሁ የምትባል ገና ወጣት ሴት ናት። ፎርም አወጣች፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ርቀቱን ጠየቀች። ጌታነህ ጀርባውን ሰጥቷቸው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ በጣቱ እየተከተለ ጉድባውን ይፈልጋል።

"ወይዘሮ ልክነሽ፣ ያኔውኑ ለምን አልተናገሩም? እዚህ ላይ መጻፍ ስላለብኝ ነው" አለች እጅጋየሁ።

"ቀንቼ።"

"ምን አሉኝ?"

"ቀናሁ። ጻፊው።"

እጅጋየሁ እስክሪብቶዋን ከፎርሙ አነሳች። "በእንስሳ ይቀናል እንዴ?"

"ሰው ብትሆንማ ጸጉሯን ይዤ እጎትታት ነበር። ቀንድ ይዤ ልጎትት?"

እጅጋየሁ አፏን በእጇ ከደነች። ሳቋ ሲያልፍላት ግን ፎርሙን ወደ ልክነሽ ገፋ አድርጋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ይህን ከፈረሙ ጣቢያው ይከፈታል። አቶ ጌታነህም ተመልሰው ይሄዳሉ። ኋላ እንዳይቆጭዎት።"

"አውቃለሁ" አለች ልክነሽ። "እቤቴ የተቀመጠው ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። እኔ ደግሞ አልሞትኩም።"

ይህን ብላ አጎነበሰች። ጽሕፈት የተማረችው ካገባች በኋላ ስለሆነ ስሟን ስትጽፍ ፊደል በፊደል ነው፤ ቀና አትልም፣ ሰውም አታይም። ጽፋ ስትጨርስ ጌታነህ ካርታውን ትቶ ስለ መኪና ሊጠይቅ ወጥቷል። በማግስቱ ወደ ሜዳው ሄደ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እጅጋየሁ ሙዝ ልትገዛ ገበያ መጣች። ልክነሽ ስትመርጥላት፣ "ያን ዕለት ግን" አለቻት፣ "አልሞትኩም ሲሉ አቶ ጌታነህ ዞረው እንዴት እንዳዩዎት! እርስዎ አጎንብሰው ይፈርማሉ። እኔን ማንም እንዲያ አይቶኝ አያውቅም።"

ልክነሽ መምረጡን ተወች። "እንዴት? እንዴት አድርጎ አየኝ?"

እጅጋየሁ ልትነግራት ሞከረች። "እንዲያው..." አለች፤ ሌላ ቃል ፈለገች፤ አጣች። ሙዟን ይዛ ሄደች።

ጌታነህ አሁንም ሜዳው ላይ ነው፤ አሁንም ኮረብታ ወጥቶ ይደውላል። ስለ ቆርኬዋ ሲያወራላት ልክነሽ እንደ ድሮው አትንገበገብም፤ እንዲያውም አንዳንዴ "ውሃ አገኘች?" ብላ ትጠይቃለች። እጅጋየሁ በገበያው ስታልፍ ግን ልክነሽ ፊቷን ታዞራለች። ሃያ አንድ ዓመት የጠበቀችውን የጌታነህን አስተያየት ያየችው እጅጋየሁ ናት።